በክፍል ውስጥ በመብራት ችግኝ ስለ ማፍላት

ጥር ገብቶ የሮቤ ሌሊት ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ሰሞን፥ ባንድ የተማሪዎች ማደሪያ መስኮት ላይ፥ ካንገቱ ተቆርጦ አፈር በተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የተዘራ ቲማቲም ይታይ ነበር። ባለቤቶቹ እኛው ነበርን። ዘሩ ብዙ ቀን አቈይቶን በመጨረሻ ብቅ አለ፤ እኛም ደስ አለን። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ግን እያንዳንዱ ችግኝ እንደ ክር ቀጥኖ፥ ወገቡ አልጸና ብሎት፥ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ ተገኘ። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ብርሃን አጥሮት ነው፤ መብራት እናብራለት» አለ። ሌላው ደግሞ «ባሌ ውስጥ ፀሐይ ጠፍቶ ነው በኤሌክትሪክ የምናበቅለው?» ሲል ሣቀበት። ክርክሩ ከምሳ እስከ እራት፥ ከእራት እስከ መኝታ የሚዘልቅ ሆኖ አንድ ሳምንት ያህል ፈጀ። ነገሩን ከመጻሕፍትና ከራሳችን ጥፋት ስንመረምረው ሁለቱም ከፊል እውነት እንደ ነበራቸው ተረዳን። ይህን ጽሑፍ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች የምናቀርበውም የያንዳንዳቸው እውነት እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ለይተን እንነሣ። «ዘር ማብቀል» እያልን ባንድ ስም የምንጠራው ሥራ በእውነቱ ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው ዘሩ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሥር እስኪሰድና ቡቃያው ከአፈር ብቅ እስኪል ድረስ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ቡቃያው የራሱን ምግብ እየሠራ መኖር ከጀመረ በኋላ ያለው ነው። የመጀመሪያው ሙቀት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ብርሃን ይፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ፥ ዘሩ ገና አፈር ውስጥ ሳለ መብራት ያበራል፤ ከበቀለ በኋላ ደግሞ ከሞቃት ጨለማ ጥግ ያኖረዋል። እንዲህ ከሆነ ኤሌክትሪኩም ዘሩም ጠፋ ማለት ነው።

ዘር ለመብቀል ብርሃን የማያሻው መሆኑን ለመረዳት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። ብቅል ሲበቀል ያላየ ካንባቢዎቻችን መካከል አለ ብለን አናምንም። እናቶቻችን ገብሱን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ከዚያም አጥልለው በኮባ ወይም በሌላ ሰፋ ያለ ቅጠል ሸፍነው ከሞቃት ጥግ ያስቀምጡታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ገብሱ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ሥር ይሰዳል፥ ይበቅላል። ያገኘው ነገር ሦስት ብቻ ነው፤ ውኃ፥ አየርና ሙቀት። ምግቡን እናቱ ተክል ቀድማ በዘሩ ውስጥ ሰንቃለታለች። ከዚህ ደንብ የሚወጡ ጥቂቶች አሉ፤ ለምሳሌ ከሰላጣ ዘሮች አያሌዎቹ ብርሃን ካልነካቸው በደንብ ስለማይበቅሉ ባፈር ሳይቀብሩ ከላይ ብቻ ይነሰነሳሉ። ቲማቲም፥ ቃሪያ፥ ጎመንና ሽንኩርት ግን የብቅሉን መንገድ የሚከተሉ ናቸው።

እንግዲህ የሙቀቱ ነገር ከተነሣ፥ የባሌ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። የቲማቲም ዘር ደኅና አድርጎ የሚበቅለው አፈሩ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ቢያርሱትም ዝም ብሎ ይተኛል፥ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። ቃሪያና በርበሬ ደግሞ ከዚያ የባሰ ሙቀት ወዳድ ናቸው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፥ ጎባ ወደ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ፥ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፥ ብርዱ ከባድ ነው፤ ውርጭም ይወርዳል። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በሳነቴ አምባ አልፎ፥ የሐረናን ደን ሰንጥቆ ወደ ደሎ መና በመኪና የወረደ ሰው ይህን ነገር በገላው ያውቀዋል። ጧት ጋቢና ካፖርት ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ይከፍታል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፥ ደሎ መና ላይ ባንድ ሳምንት የሚበቅለው ዘር ጎባ ላይ ሦስት ሳምንት ቢተኛ ዘሩን መሳደብ አይገባም።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገን መብራት ሳይሆን ሞቃት ቦታ ነው። የተዘራውን ዕቃ በካርቶን ውስጥ አድርጎ፥ ባጠገቡ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ማታ ማታ ማስቀመጥና ካርቶኑን በጋቢ መሸፈን ይበቃል። ቤተሰብ ዘንድ ያለ ሰው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር፥ ወይም ከማቀዝቀዣው ራስ ላይ ቢያኖረው ሌላ ድካም የለበትም። ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች እንደሚያደርጉት የድሮውን ዐይነት አምፑል አብርቶ ማሞቅም ይቻላል፤ እንዲህ ዐይነቱ አምፑል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ውስጥ ወደ ብርሃን የሚለውጠው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ ሙቀት ነውና። ነገር ግን አምፑልና ካርቶን ባንድነት እሳት ይጭራሉ፤ በማደሪያ ውስጥ ይህን አንመክርም።

የመጀመሪያው ቡቃያ ራሱን ካፈር ብቅ ባደረገበት ቀን ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በዚያው ቀን፥ ነገ ሳይባል፥ ብርሃን ማግኘት አለበት። ለምን? ለዚህም ምስክራችን ድንች ነው። ጨለማ ጎተራ ውስጥ የተረሳ ድንች ነጭና ረዥም፥ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ይህ ቡቃያ ያለበትን አያውቅም፤ ገና ካፈር በታች ያለ ይመስለዋል። ስለዚህም ስንቁን ሁሉ ቅጠል ለማውጣት ሳይሆን ወደ ላይ ለመምዘዝ ያውለዋል። ብርሃን መኖር አለመኖሩን የሚነግረው ፋይቶክሮም የሚባል፥ ቀይ ብርሃን ሲነካው ጠባዩን የሚለውጥ ንጥረ ነገር በሰውነቱ ውስጥ አለው፤ ፋይቶክሮሙ «ወጥተሃል፤ በቃህ» ካላለው መሮጡን አያቆምም።

ይህንኑ ጠባይ ተመልክተው ነው የዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ባለሙያዎች ከ1970ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ጀምሮ የዘር ድንች በጨለማ ሳይሆን ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃናማ መጋዘን እንዲቀመጥ ሲያስተምሩ የኖሩት። ባገራችንም የእርሻ ምርምር ሰዎች ይህንኑ መጋዘን በደጋው አገር ለድንች ገበሬዎች አዳርሰውታል፤ ጣራ ያለው፥ ግድግዳው ግን በእንጨት ርብራብ የተሠራ፥ አየርና ብርሃን እንደ ልብ የሚገባበት ቤት ነው። በዚያ የተቀመጠ ዘር ድንች የሚያወጣው ቡቃያ አጭር፥ ወፍራምና አረንጓዴ ነው፤ ሲተክሉትም ቶሎ አይሰበርም። በማደሪያችን መስኮት ላይ የነበረው ቲማቲም የደረሰበት ነገር ጨለማ ጎተራ ውስጥ የተረሳው ድንች ከደረሰበት በመጠን እንጂ በዐይነት አይለይም።

«እንዴት ይሆናል? ክፍላችን እኮ ብሩህ ነው፤ መጽሐፍ ይነበብበታል» የሚል አይጠፋም። እኛም ብለን ነበር። እዚህ ላይ ዐይናችን ያታልለናል። የዐይን ብሌን እንደ ብርሃኑ መጠን እየሰፋና እየጠበበ ስለሚያስተካክለው አንድ እጅና መቶ እጅ የሚሆነውን ልዩነት በደንብ አንለየውም። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ያለው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ከመስኮት አንድ ሜትር ገባ ብሎ፥ ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው ጠረጴዛ ላይ ግን ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሁለት ሺህ ሉክስ ቢገኝ ነው። ማታ በመብራት የምናነብበት ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ300 ሉክስ አይበልጥም። ያመነ ያምናል፤ ያላመነ ደግሞ በእጅ ስልኩ የብርሃን መለኪያ ፕሮግራም ጭኖ ራሱ ይለካ። ስልኩ ፍጹም ትክክል ባይሆንም የልዩነቱን ስፋት ለማሳየት ይበቃል።

ተክል ብርሃንን የሚቀበለው ገበሬ እህል በቁና እንደሚሰፍር ነው። ፎቶን የሚባሉት የብርሃን ቅንጣቶች ባንድ ቀን ውስጥ ባንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ቁና ወረዱ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ የቁናው ስም ሞል ይባላል። ያገራችን ፀሐይ በደኅና ቀን ወደ 40 ሞል ትሰጣለች። የቲማቲም ችግኝ ጠንክሮ እንዲያድግ የሚፈልገው ከ10 እስከ 15 ሞል ነው። ይህ ቁጥር በክርክሩ ለሣቀው ጓደኛችን ይፈርድለታል፤ ባሌ ውስጥ ከፀሐይ ሲሦዋን ወይም ሩቧን ብቻ ያገኘ ችግኝ ሌላ መብራት አያስፈልገውም። ቀን ቀን ደጅ አውጥቶ፥ ከነፋስና ከዶሮ ከልሎ፥ ማታ ከውርጭ ማስገባት የሚችል ሰው ገንዘቡን በመብራት ላይ ባያጠፋ ይሻለዋል።

በዚህ ጕዳይ የምናነባቸው መጻሕፍት አብዛኛዎቹ የተጻፉት ለሌላ አገር ሰው መሆኑንም ማስታወስ ያሻል። ስቶክሆልም ላይ በታኅሣሥ ቀኑ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቃሪያና በሶብላ ለመትከል የግንቦትን አጋማሽ መጠበቅ አለባቸው፤ ውርጩ እስከዚያ ድረስ አይለቅምና። ስለዚህ በመጋቢት መሬቱ በረዶ ለብሶ ሳለ ቤት ውስጥ በመብራት መጀመር ለነሱ ቅንጦት አይደለም። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ነን፤ ረዥሙና አጭሩ ቀናችን አንድ ሰዓት እንኳ አይበላለጡም።

ታዲያ መብራቱ ለማን ነው? ክፍሉ ወደ ሰሜን ለዞረ ወይም ፊት ለፊቱ ሕንፃ ለቆመበት፤ ጧት ወጥቶ ማታ ለሚገባና በቀን ችግኝ የሚያወጣለት ለሌለው፤ እንዲሁም ብዙ ችግኝ አንድ ላይ፥ አንድ ዐይነት አድርጎ ማፍላት ለሚፈልግ ሰው ነው። ተማሪ ከነዚህ ሦስቱ ባንዱ ውስጥ ሳይገባ የሚቀር አይመስለንም። ስለዚህ ለመብራቱ የተከራከረውም ጓደኛችን በከንቱ አልጮኸም።

አሁን ስለ መሣሪያው እንነጋገር። በገበያ ላይ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡ «የተክል መብራቶች» በውድ ይሸጣሉ። የሚሰጡት ምክንያት የቅጠል አረንጓዴ ንጥረ ነገር በይበልጥ የሚወስደው ቀይና ሰማያዊውን ብርሃን ነው የሚል ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ነጩ የኤል ኢ ዲ መብራት ሁለቱንም አሟልቶ ይዟል፤ ቅጠልም አረንጓዴውን ብርሃን ጨርሶ አይጥለውም፥ በከፊል ይሠራበታል። እንዲያውም ነጩ ኤል ኢ ዲ ራሱ የተገኘው በሰማያዊው ላይ ነው። ሦስት የጃፓን ተወላጆች፥ አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ፥ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ዲዮድ በመፍጠራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ፎስፈር የተባለው ቅብ ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ስለሚለውጠው ብርሃኑ ለዐይናችን ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለችግኝ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚገዛው ተራ፥ ረዥም፥ ነጭ የኤል ኢ ዲ ዘንግ ይበቃል።

ስንት ዘንግ? እዚህ ላይ የኛን ስሕተት እንናዘዝ። አንድ ዘንግ ከጣራው ላይ ሰቅለን፥ ከችግኙ አንድ ሜትር ተኩል አርቀን አበራን፤ ከዚያም «መብራቱም አልጠቀመም» አልን። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይሣሣል። ክብ አምፑል ሲሆን ርቀቱን እጥፍ ስናደርገው ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ረዥም ዘንግ ሲሆን በቅርብ ርቀት ወደ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ዘንጉ ከችግኙ ራስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ማለት አለበት፤ ችግኙ ሲያድግ በገመድ ከፍ ከፍ ይደረጋል። ኤል ኢ ዲ እንደ ድሮው አምፑል ስለማያቃጥል መቅረቡ አያስፈራም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዳቸው 18 ዋት የሚወስዱ፥ ርዝመታቸው 1 ሜትር ከ20 የሆነ አራት ዘንጎች ጎን ለጎን ቢሰቀሉና ዙሪያው በነጭ ወረቀት ወይም በሚያብረቀርቅ ፎይል ቢከለል፥ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ መደብ ላይ በሰከንድ ወደ 170 ማይክሮሞል ያህል በካሬ ሜትር ይወርዳል። በ16 ሰዓት ውስጥ 57,600 ሰከንድ አለ፤ ሲባዛ 10 ሞል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ለቲማቲም ይህ መነሻው ነው። ሁለት ዘንግ ብቻ ያለው ሰው የዚህን ግማሽ ስለሚያገኝ ለሰላጣና ለጎመን ይሞክር፤ ቲማቲም ከሆነም የመስኮቱን ብርሃን ይጨምርበት። ፍጆታውን በተመለከተ አራቱ ዘንግ ባንድነት 72 ዋት፥ በቀን 1.15 ኪሎ ዋት ሰዓት፥ በስድስት ሳምንት ደግሞ 48 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይወስዳሉ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል፥ ይህ ሁሉ የ14 ሰዓት የምጣድ ሥራ ነው። ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? የሚተከለው ችግኝ አምስት ከሆነ ብዙ ነው፤ መቶ ከሆነ ግን ጥቂት ነው።

መብራት በመጥፋቱ የሚጨነቅ ካለ ይረጋጋ። ተክሉ የሚቈጥረው የቀኑን ድምር ስለሆነ ባንድ ማታ የጠፋውን በማግሥቱ ሁለት ሰዓት በመጨመር መካስ ይቻላል። ሊያስጨንቅ የሚገባው ሌላው ነው፤ ውኃና ኤሌክትሪክ ባንድ ጠረጴዛ ላይ መዋላቸው። ውኃ ሲጠጣ መብራቱ ከሶኬት ይነቀል፤ ማከፋፈያው መሬት ላይ ከችግኙ በታች አይቀመጥ፤ ከማደሪያው ኃላፊዎች ጋርም አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

«ሰዓቱን እስከ 24 ብናደርሰውስ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቀርቦልናል። መልሱ እንደ ተክሉ ይለያያል። ቲማቲም ጨለማ ከተከለከለ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፥ ይጎዳልም፤ ለሱ ከ14 እስከ 16 ሰዓት በቂ ነው። ሽንኩርት ደግሞ የቀኑን ርዝመት ይቈጥራል። ባገራችን የሚዘሩት እንደ ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ ያሉት ዐይነቶች ባጭር ቀን ኵብ የሚቋጥሩ ናቸው፤ ረዥም ቀን ካዩ ገና በችግኝነታቸው እንደ ሽምብራ ያለች ኵብ ቋጥረው እድገታቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ ለሽንኩርት ከ12 ሰዓት ማለፍ አይገባም።

ስንዴ ግን ሌላ ነው፤ የስንዴውም ነገር ለባሌ ሰው ከቲማቲሙ ይበልጥ ስለሚነካው ጥቂት ልንቈይበት እንወዳለን። ስንዴ ረዥም ቀን ሲያገኝ ቶሎ ያሸታል። የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ይህን ጠባይ ተጠቅመው፥ ስንዴን በኤሌክትሪክ መብራት በቀን 22 ሰዓት እያበሩ ባንድ ዓመት እስከ ስድስት ትውልድ ማድረስ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቀዋል። ይህ ለምን ይጠቅማል? በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ባገራችን ስንዴ ላይ ወርዶ ኵብሳ የተባለውን በብዙ ማሳ የተዘራ ዐይነት ጎዳው። ገበሬው ወደ ሌሎች ዐይነቶች ተሻገረ፤ ከነዚህም አንዱ ዲገሉ ነበር። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አጠፋው። በሽታው ዘሩን ሲለውጥ ሦስትና አራት ዓመት አልፈጀበትም፤ አንድን የስንዴ ዐይነት በማሳ ላይ አዳቅሎና መርጦ ለገበሬ ማድረስ ግን ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይወስዳል። በሲናና ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚሠራበት አገር ባንድ ነገር የታደለ ነው። ባሌ «ገና» እና «ቦና» የሚባሉ ሁለት የዝናብ ወራት ስላሉት (ይህ ገና ከልደት በዓል ጋር አይገናኝም፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው የዘር ወቅት ነው) ባንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መዝራት ይቻላል። ከሁለት ወደ ስድስት የሚያደርሰው መብራቱ ነው። ከመካከላችን የእርሻና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የሆኑት ቲማቲሙን ትተው ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። አፈሩ ሦስት እጅ የጫካ ወይም የማሳ አፈር፥ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፥ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። ዕቃው ከሥሩ መበሳት አለበት። እኛ ያልበሳነው አንድ ጣሳ ውስጥ የነበሩት ችግኞች ባንድ ሌሊት አንገታቸው ላይ ጠቁረው እንደ ታጨደ ሣር ተኝተው አገኘናቸው። ይህ በአፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ የሚከላከሉት ውኃን በመቀነስና አየር እንዲዘዋወር በማድረግ ነው። ዕቃውን ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጦ ከሥሩ እንዲጠጣ ማድረግና ላዩን ማድረቅ ይጠቅማል። በርዶ ያደረ ውኃም አይሰጠው። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ የችግኞቹን ራስ በመዳፍ ቀስ ብሎ ማሻሸትም ጥሩ ነው፤ ነፋስ የነካቸው መስሏቸው ግንዳቸውን አጭርና ወፍራም ያደርጋሉ። ይህን ስናደርግ ያየን አንድ ጓደኛችን ችግኞቹን የምንባርክ መስሎት ነበር።

ስለ ጊዜው ደግሞ፥ ስሌቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል። የገና ዝናብ የሚጀምረውና የውርጩ ፍርሃት የሚቀልለው በመጋቢት ነው። ቲማቲም ለመተከል ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጥር 20 ግድም ይዘራ። ቃሪያ ስምንት ሳምንት ስለሚፈልግ በጥር መጀመሪያ፥ ጎመን አራት አምስት ሳምንት ስለሚበቃው በየካቲት መጀመሪያ ይዘሩ። በመጋቢት ዘሩን ሜዳ ላይ የበተነ ሰው ፍሬ የሚጠብቀው በሐምሌና በነሐሴ፥ ዝናቡ በሚበረታበትና ሌት ብላይት የሚባለው ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ድንችንም ቲማቲምንም በሚያጠቃበት ወራት ነው። በክፍል ውስጥ ያተረፍናቸው ስድስት ሳምንታት ፍሬው ከዚያ በሽታ በፊት የመድረስ ዕድል እንዲያገኝ ያደርጉታል። የመብራቱ ዋጋ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ወይም ጨርሶ አይመለስም።

የመጨረሻው ሥራ ብዙዎችን የሚያስተው ነው፤ እኛንም አስቶናል። ስድስት ሳምንት የተንከባከብናቸውን ችግኞች ባንድ ቀትር አውጥተን ተከልናቸው። በሁለተኛው ቀን ቅጠሎቻቸው ነጭ ሆኑ። የኤል ኢ ዲ መብራት አልትራ ቫዮሌት የሚባለውን ጨረር የለውም ለማለት ይቻላል፤ የደጋው ፀሐይ ግን ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ በአሥር በመቶ ያህል ስለሚጨምር ከቆላው ይልቅ ይለበልባል። ስለዚህ ችግኙ መለማመድ አለበት። በመጀመሪያው ቀን ከጥላ ሥር አንድ ሰዓት፥ በሁለተኛው ሁለት ሰዓት እያለ፥ ቀስ በቀስ ፀሐይና ነፋስ እየቀመሰ፥ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ድረስ ይቈይ፤ በዚህ ጊዜ ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ። ሲተከልም ሲመሽ ወይም ደመና ሲሆን ይተከል።

እነዚያን መጀመሪያ በመስኮቱ ላይ የተመዘዙትን ክር መሳይ ቲማቲሞች ግን አልጣልናቸውም። የቲማቲም ግንድ አፈር በነካበት ሁሉ ሥር የማውጣት ጠባይ አለው። ስለዚህ ጕድጓዱን ጋደም አድርጎ በመቆፈር፥ ግንዱን እስከ ላይኛዎቹ ቅጠሎች ድረስ ባፈር ሸፍኖ፥ ራሱን ብቻ ብቅ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ አድርገን ከተከልናቸው መካከል ጥቂቶቹ ቀና ብለዋል፤ ጎመን ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውምና የተመዘዘ ጎመን ያለው ሰው እንደገና ይዝራ።